መመሪያው የተያዘው እኔ ጋ ነው

አገር ያዘገየ ሰው በዐይናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ አገር የሚዘገየው በባለሥልጣን፣ በስብሰባና በመብራት መጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በአንድ ጡረተኛ አስተማሪም ይዘገያል። አስተማሪው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ሻይ ሲያፈላ ሁልጊዜ ውኃ ያበዛል። ምነው ቢሉት፣ ለሁለት ሰው ማፍላት ስለለመደ ነው። ባለቤቴ ካረፈች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እጄ ግን እስካሁን መርዶውን አልሰማም።

ልጅ አለኝ፣ ሐዋሳ ባንክ ቤት የሚሠራ። ጥሩ ልጅ ነው። ለዘመን መለወጫ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ይደውላል። «እንኳን አደረሰዎ» ይለኛል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ሌላው ይናገራል እያልን ዝም እንላለን። አንድ ጊዜ በዓል ባልሆነ ቀን ቢደውል ማን ሞተ ብዬ ወንበር ያዝሁ። ተሳስቶ ነው የደወለው። ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው፤ እኔም ምንም አይደል አልሁት።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ድሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እንቅልፉን የሚለጥጥ ልጅ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሌሎችን የሚያስተኛ ትልቅ ሰው ሆኗል። ደወለና «ቲቸር፣ አንድ የሚተረጎም ሰነድ አለ። እንግሊዝኛውም አማርኛውም እኩል የገባው ሰው ቢፈለግ ከርስዎ በቀር ጠፋ» አለኝ። ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሲሞገስ እንደ ሕፃን ነው። ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልሁ።

ሰነዱ መጣ፤ ሃያ ሁለት ገጽ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛና ጎረቤቶቻችን የሆኑ አገሮች አንድ ማኅበር አላቸው። ተሰብስበው መመሪያ ያወጣሉ። ይኼኛው መመሪያ ስለ በርበሬና ስለ ቅመማ ቅመም ነው፤ በአንዱ አገር ተመርምሮ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ያገኘ ጭነት፣ በሌላው አገር ድንበር ላይ ሁለተኛ አይመርመር ይላል። መልካም ሐሳብ ነው። ግን እንዲያው ተስማሙ ተብሎ ሥራ አይጀመርም። እያንዳንዱ አገር መመሪያውን ወደ ራሱ ሕግ ማስገባት አለበት፤ ለዚህም ቀን ተቆርጧል። ሌሎቹ አስገቡ። የእኛ ቀን አለፈ። ተራዘመ። የተራዘመውም አለፈ። ከላይ «መመሪያ» ተብሎ የመጣው ነገር እኛ ጋ ሲደርስ አዋጅ ይባል፣ ደንብ ይባል ወይስ ያው መመሪያ ይባል በሚለው ላይ ብቻ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠዋል አሉ። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው «ኧረ መጀመሪያ ምን እንደሚል እንወቅ» ብሎ ትርጉም አሳዘዘ። በአገራችን ሕግ የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ነውና፣ አማርኛው እስኪገኝ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

አማርኛው ደግሞ እኔ ጋ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ጎበዝ ተማሪ ነበርሁ። ጠዋት ተነስቼ፣ መዝገበ ቃላቴን ከፍቼ፣ እስከ ምሳ እሠራለሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ማህሌት እባላለሁ፤ ከሕግ ክፍል ነው የምደውለው። ትርጉሙን እንድከታተል ተመድቤ ነው። እንዴት አደሩ?»

ሰው እንዴት አደሩ ሲላችሁ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነው ወጉ። እኔ ግን እንዴት እንዳደርሁ ነገርኋት። የግራ ትከሻዬን ነገርኋት። ከጣሪያዬ ላይ ሠርግ የሚደግሱትን አይጦች ነገርኋት። ልጅቱ አላቋረጠችኝም። እንዲያውም «አባቴንም ትከሻውን ያመዋል፤ በሙቅ ጨርቅ ይያዙት» አለችኝ። ስልኩ ሲዘጋ የተነጋገርንበትን ጊዜ ጻፈልኝ፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ። ከልጄ ጋር በአንድ ዓመት የተነጋገርነው ተደምሮ ያን ያህል አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ በዓሌ ሆነ። ረቡዕ ፂሜን እላጫለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቤቱን እጠርጋለሁ፤ ኮቴን እለብሳለሁ። ለስልክ ኮት ይለበሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ኮት የለበሰ ሰው ድምፁ ይለያል። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሬ ኔትወርክ ከሚስብልኝ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፤ ስትደውል ግን ወዲያው አላነሳም። ሦስት ጊዜ እስኪጮህ እጠብቃለሁ፤ ሥራ የበዛበት ሰው ለመምሰል።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሃያ ሁለቱንም ገጽ ጨረስሁ። አስጽፌ፣ አርሜ፣ ፍላሽ ላይ አስገብቼ ኪሴ ከተትሁት። ሐሙስ ሲደርስ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን በእውነት ነው የምላችሁ። ደወለች። ስለ ትከሻዬ ጠየቀች። ዕቃ ጭኖ ቤት ስለቀየረው ወንድሟ አወራችኝ። ከዚያ «ታዲያ ጋሼ፣ ትርጉሙ የት ደረሰ?» አለች።

አፌ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ነኝ።»

አንቀጽ ዘጠኝን ለምን እንደጠራሁ ለራሴም አልገባኝም። ግን አንዴ ከጠራሁት መከራከሪያ ያስፈልገዋል። ከፈትሁት። «አባል አገሮች ይህን መመሪያ አላግባብ ሳይዘገዩ በሕጋቸው ውስጥ ያስገባሉ» ይላል።

«ልጄ» አልኋት፣ «እዚህ ላይ አንድ ቃል ይዞኛል። ‘አላግባብ ሳይዘገዩ’ ካልን፣ በአግባቡ መዘግየት ይቻላል ማለታችን አይደለም ወይ?»

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «ውይ ጋሼ፣ ልክ ነዎት! ይኼ እኮ ትልቅ ነገር ነው። ለአለቃዬ ልንገረው።»

ነገረችው። አለቃዋም ለአለቃው ነገረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ስትደውል «የአንቀጽ ዘጠኝ ጉዳይ» የሚባል ነገር ተፈጥሮ፣ ሰዎች ተመድበውለት፣ ተገቢ መዘግየት ምን ያህል እንደሆነ እየተመከረበት ነበር። አትዘግዩ የሚለውን አንቀጽ ይዘን ሁለት ወር ዘገየን። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ኮቴን እለብሳለሁ።

በመካከሉ ኔትወርክ ጠፋ። ስድስት ሳምንት ሙሉ። መንገድም ሲዘጋ ሲከፈት የነበረበት ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ኮቴን ለበስሁ፤ በሁለተኛውም ለበስሁ። በሦስተኛው ሐሙስ ለመጽሐፍ መደርደሪያዬ «እንዴት አደርህ» ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ስልኩ ገና ከቻርጀሩ ሳይነቀል ጮኸ።

«ጋሼ! ደህና ነዎት? በጣም አሳስበውኝ ነበር!»

ልብ በሉ፤ ስለ አንቀጽ ዘጠኝ አልጠየቀችም። መጀመሪያ እኔን ነው የጠየቀችው። እንግዲህ እንዲህ ያለችን ልጅ «ከጨረስሁት ቆየሁ» ብላችሁ ታሰናብቷታላችሁ? እኔ አልቻልሁም። «ስለ ቃሉ ሊቅ ላማክር ፈረስ ቤት ልወጣ ነው» አልኋት። ውሸቴ እንዳይበዛ ብዬ በእውነት ወጣሁ።

ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አንዴ ሞተሩ ሞቆ፣ አንዴ እኛ በርዶን። እዚያ መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ የቅኔ መምህር አሉ። ልጅ ሆነን ፊደል አብረን ቆጥረናል፤ እሳቸው ወደ ቅኔ ቤት፣ እኔ ወደ አስኳላ ሄድን እንጂ። ጥቂት ስለሚበልጡኝ እስከዛሬ አንተ ይሉኛል፤ ዛሬ እኔን አንተ የሚለኝ ሰው የቀረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጉዳዬን አስረዳሁ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከመጨረሻው ሰሙኝ።

«አየህ» አሉኝ፣ «ሰው ሲቆይ ‘ያቆይህ’ ተብሎ ይመረቃል። ወረቀት ሲቆይ ግን የሚመርቀው ምስጥ ነው።»

«እሱስ ነው መሪጌታ፤ ግን ቃሉን ምን ልበለው?»

«ቃሉ ምን ቸገረው? ቃሉ ግልጽ ነው። አንተን ልጠይቅህ እንጂ። እዚህ ድረስ የወጣኸው ስለ መዘግየት ልትጠይቀኝ ነው ወይስ ልትቆይ?»

እኔ ሰሙን ብቻ ሰምቼ «ልጠይቅዎ ነው እንጂ» አልሁ። ሁለት ቀን ግን አደርሁ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ስጀምር ወርቁ ገባኝ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ታመዋል እንዴ አባቴ?» አለኝ። ብርዱ ነው አልሁት።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም አልላክሁትም። በሚቀጥለው ሐሙስ የሊቁን ቃል ለማህሌት ነገርኋት፤ ሳቀች፤ ጻፈችው። ሌላ ምክንያት ሲያስፈልገኝ ደግሞ የበርበሬ ቃላት ትዝ አሉኝ። መመሪያው ስለ በርበሬ ቀለም መሸሽ፣ ስለ መሻገት፣ ስለ መታመቅ ይዘረዝራል። «እነዚህን ከባለሙያ አፍ መስማት አለብኝ» አልሁና ቡሬ ሄድሁ። ቡሬ እኮ የበርበሬ አገር ናት፤ ከመኪና ሳትወርዱ ነው የምታስነጥሱት።

ገበያው አጠገብ ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ነጋዴ አሉ ብለው ጠቆሙኝ። ዘሀራ አምሳውን ያለፉ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ሲናገሩ ዐይን ዐይን የሚያዩ ሴት ናቸው። መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የበርበሬ ቃላት ላጠና መጥቼ ነበር» አልሁ።

«አንቱ ቃል ይለቅማሉ፣ እኛ በርበሬ እንለቅማለን» አሉና ወንበር ሰጡኝ። ደግ ሴት ናቸው። ስጠይቃቸው ሳይሰስቱ ነገሩኝ። ቀለሙ ሲሸሽ ምን እንደሚመስል ሊያሳዩኝ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ማዳበሪያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አንዱን ፈትተው እፍኝ አወጡ። ቀይ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኗል።

«ምነው እስካሁን ሳይሸጥ?» አልሁ።

«ጅቡቲ ወንድም አለኝ፤ እዚያ የሚቀበለኝ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ከዚህ ተመርምሮ የሄደ ጭነቴን ድንበር ላይ እንደገና እንመርምር ብለው አቆሙት። ቆሞ ሳለ ዝናብ ገባበት፤ ሻገተ፤ ደፋሁት። አሁን አንድ ጊዜ ከተመረመረ ይበቃል የሚል መመሪያ ሊወጣ ነው አሉኝ። እሱን ስጠብቅ ይኸው፣ ይኼኛው ደግሞ ቤት ውስጥ ቀለሙ ሸሸ።»

«ታዲያ... መመሪያው ምን ሆነ?»

«አዲስ አበባ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። ‘አንድ ሰው ጋ ተይዟል’ አሉ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። የያዘውን ሰው አላህ ይያዝልኝ!»

«አሜን» አልሁ። ምን ልበል? በሰው ቤት ገብቶ ለምርቃቱ አሜን ብሎ ለእርግማኑ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

«እንቅልፍ ይንሳው!»

«አሜን።»

«ቤቱ ገብቶ የሚያጫውተው ሰው ይጣ!»

ይቺኛዋን አሜን ማለት አቃተኝ። እርግማኒቱ እኔ ጋ የደረሰችው አራት ዓመት ዘግይታ ነው። ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ፤ ባርኔጣዬን እዚያው ረስቼ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን አላልቅ አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያወራል። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፍላሽ በጣቴ እዳብሳለሁ። ሰባት ወር ነው የተሸከምሁት። ሰው ብቸኝነቱን እያስታመመ በሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ የበርበሬ ቀለም ሊያሸሽ እንደሚችል ማን ነገረኝ? እኔ እኮ የማንንም ንብረት አልነካሁም ብዬ ነበር የማስበው። ስልክ ብቻ ነው የጠበቅሁት።

ከመኪና እንደወረድሁ ቤት አልገባሁም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ «ይህን ላኪልኝ» አልኋት፣ እዚያ ለምትሠራው ልጅ። ላከችው። ወንበር እንኳ ሳልስብ አለቀ።

ማህሌት በማግሥቱ መልእክት ጻፈች፤ «ጋሼ፣ ደርሶናል። ስለ ትብብርዎ እጅግ እናመሰግናለን።» እኔ የሰዋስው አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር አላመለጠኝም። ሐሙስ ሐሙስ «አመሰግናለሁ» ትለኝ የነበረች ልጅ ዛሬ «እናመሰግናለን» ሆናለች። ነጠላዋ ብዙ ስትሆን እኔ ይበልጥ ነጠላ ሆንሁ።

የሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። መደወል እንደሌለባት አውቃለሁ፤ ሥራው አልቋል። ፂሜ ግን ተላጭቷል። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ከጎረቤት ስልክ ወደ ራሴ ደወልሁ። ጮኸ። ደህና ነው። አነሳሁትና ለራሴ ሃሎ አልሁ።

በሌላው ሐሙስ ራሴ ደወልሁላት። ምክንያት አዘጋጅቻለሁ፤ ገጽ አሥራ አራት ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መልሼ ልደውል?»

«እሺ ልጄ፤ አንዲት ነገር ብቻ። መመሪያው ወጣ?»

«ኧረ የት! ገና አስተያየት እንዲሰጥበት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዷል። እዚያ ደግሞ አንድ ሰው ጋ ነው ያለው አሉ።»

መልሳ አልደወለችም። አልፈርድባትም፤ ሌላ ሰነድ፣ ሌላ ሐሙስ ተመድቦላት ይሆናል። እኔ ግን ያንን የማላውቀውን ሰውዬ ማሰብ ያዝሁ። አሁን መመሪያው እሱ ጋ ነው። ምናልባት እሱንም አንድ ሰው በየሳምንቱ «የት ደረሱ» ይለው ይሆናል። ስልኩን ባውቀው ደውዬ «ወንድሜ፣ ልቀቀው፤ ቡሬ ላይ አንዲት ሴት አሉ፣ እርግማናቸው አይስትም» እለው ነበር። ደግሞም እናወራ ነበር።

ሦስተኛው ሐሙስ ሲመጣ ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። ቡሬ ሄድሁ።

ወይዘሮ ዘሀራ መጋዘናቸው ውስጥ ከአራት ሴቶች ጋር በርበሬ ከብበው ጭራውን ይቀነጥሳሉ። «ባርኔጣዎን ሊወስዱ መጡ?» አሉኝ።

«አይደለም» አልሁ፤ ቆሜ፣ እንደ ተማሪ። «ያ መመሪያውን ይዟል የተባለው ሰው እኔ ነኝ።»

የሴቶቹ እጅ ቆመ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ በሦስት ሳምንት መጨረሴን፣ ሐሙስን፣ አንቀጽ ዘጠኝን፣ ኮቱን። ስለ ኮቱ ስናገር አንዷ ልትስቅ ፈለገች፤ የዘሀራን ፊት አይታ ተወችው።

ዘሀራ «ሰባት ወር!» አሉ። «ያ ሁሉ ማዳበሪያ ለወፍጮ ቤት በርካሽ ሄደ። ያውቃሉ?»

«አሁን አወቅሁ።»

«አሜን ሲሉ የነበሩት በራስዎ ላይ ነው?»

«በራሴ ላይ ነው።»

«ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ መጥተው ‘ብቻዬን ነኝ’ አይሉም ነበር? ምን ሆነው ነው፣ አንቱ የተማሩ ሰው? ለዚህም መመሪያ ይውጣልኝ ብለው ነው?»

ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፤ እስካሁንም አላሉኝም። በእግራቸው አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፉና ከፊቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ አፈሰሱ።

«ይቀንጥሱ። ጭራው እንዳይቀርበት፤ እኔ ቀጣፊ አልወድም።»

ኮቴን አውልቄ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ከተዉበት ቀጠሉ፤ ስለ አንዲት ጎረቤታቸው ሠርግ ነው፤ ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ግን ማን ማንን እንዳኮረፈ ቀስ በቀስ እየገባኝ መጣ። ጣቴ ማቃጠል ጀመረ። ሳላስበው ዐይኔን ነካሁት፤ እንባዬ ወረደ፤ ሊቆምም አልቻለ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ያነባል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።